ከርቀት በጥንድ ኮድ መጻፍ፦ ጠይቁ፣ ጦሳ ይመልሳል

ጦሳ፦ ሰላም ያ ጀማአ። እንደተባባልነው ዛሬ ማታ ጥያቄ እቀበላለሁ። ርዕሱ ሪሞት ፔር ፕሮግራሚንግ ነው። ሁለት ሰው በየቤቱ ቁጭ ብሎ አንድ ኮድ ላይ አብሮ ሲሠራ ማለት ነው። ይሠራል አይሠራም የሚለው እንዴት እንደሚለካም እናያለን። እኔ ደሴ ሆኜ ከውጭ ቡድን ጋር የምሠራው በዚህ መንገድ ነው። የማስተርስ ጽሑፌም በዚሁ ላይ ነበር።

ሁለት ማሳሰቢያ አለኝ። አንደኛ፣ «አብረን ሠራነውና ቶሎ አለቀ» ስትሉ የሁለት ሰው ሰዓት መሆኑን እንዳትረሱ። ሁለተኛ፣ ስክሪን ስታጋሩ ፓስወርድ ያለበትን ፋይል ዝጉ። ሁለቱንም ዛሬ ደጋግሜ እንደምላቸው ከወዲሁ ይታወቀኛል። ጀምሩ።

ሆጤ፦ ፔር ፕሮግራሚንግ ጥሩ ነው ወይ?

ጦሳ፦ ለማን? ለምን ሥራ? ከምን ጋር ሲወዳደር? እንዲህ ተብሎ አይጠየቅም ወንድሜ። ቀጣይ።

ሆጤ፦ ኧረ ጋሼ አይቆጡ። ብቻ ከመሥራት ይሻላል ወይ ለማለት ነው።

ጦሳ፦ አልተቆጣሁም። አሁን ጥያቄ ሆነ። ቡና ያላችሁ ቅዱ፣ ይህቺ ትረዝማለች።

ጥናቶቹ አንድ ቃል አይናገሩም። ቁጥሮቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። በ1999 ሎሪ ዊሊያምስ ዩታ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ 41 ተማሪዎችን ወሰደች። 13ቱ ብቻቸውን ሠሩ፣ 28ቱ በጥንድ። ጥንዶቹ ያጠፉት ድምር ሰዓት 15 በመቶ ገደማ በለጠ። ባጋቸው (ኮዱ ውስጥ ያለው ስህተት) ደግሞ 15 በመቶ ገደማ አነሰ። ፔር ፕሮግራሚንግን የሚሰብኩ ሰዎች ሁሉ ይህቺን ቁጥር በቃላቸው ይዘዋታል። የማይነግሯችሁ ነገር ግን አለ። በመጀመሪያው ሥራ ላይ የተጨመረው ሰዓት 60 በመቶ ነበር። ወደ 15 የወረደው ልጆቹ ከተላመዱ በኋላ ነው። አንድ ቀን ሞክሮ «ጊዜ ማባከን ነው» የሚል ሰው ያቺን 60 በመቶ ብቻ አይቶ ነው የሄደው።

ከዚያ በ2007 ኤሪክ አሪስሆልምና ጓደኞቹ መጡ። እነዚህ ተማሪ አልፈተኑም። ከኖርዌይ፣ ከስዊድንና ከብሪታኒያ፣ ከ29 ድርጅቶች፣ 295 ባለሙያ የጃቫ ፕሮግራመሮችን ነው የፈተኑት። በጥቅሉ ሲታይ ጥንዶቹ ቶሎ አልጨረሱም፤ በትክክል የሠሩትም አልበዙም። የሰው ድካሙ፣ ማለትም የሁለቱ ድምር ሰዓት፣ ግን በ84 በመቶ ጨመረ። ሰማንያ አራት! እዚህ ላይ አንብቦ የሚያቆም ደግሞ አለቃ የሆነ ሰው ነው። ቀጥሎ ያለውን ካነበባችሁ ነገሩ ይለወጣል። ሲስተሙ ውስብስብ ሲሆን በትክክል የጨረሱት ጥንዶች በ48 በመቶ በለጡ። ሲስተሙ ቀላል ሲሆን ደግሞ ትክክለኛነቱ ሳይለወጥ ጊዜው በ20 በመቶ አጠረ። ከሁሉም በላይ የጠቀማቸው ጀማሪዎቹን ነው፤ ያውም ከባዱ ሥራ ላይ።

በ2009 እነዚሁ ሰዎች ከሃናይ ጋር ሆነው 18 ጥናቶችን አንድ ላይ አስልተዋል። ጥራት ላይ ትንሽ ጥቅም፣ ጊዜ ላይ መካከለኛ ጥቅም፣ ድካም ላይ መካከለኛ ጉዳት አገኙ። ጥሩ ውጤት ያገኘ ብቻ ጽሑፉን የማሳተም አዝማሚያ እንዳለም ጠቁመዋል። ስለዚህ ሆጤ፣ መልሱ ይኼ ነው። ሥራው ከብዶህ፣ አንተም አዲስ ከሆንክ፣ ይሻላል። የለመድከውን ፎርም ለመቶኛ ጊዜ የምትሠራ ከሆነ ብቻህን ሥራ።

ቦርከና፦ አንድ ነገር ልጨምር። የእኔ አለቃ ይህን ሁሉ ብነግረውም «ለአንድ ሥራ ሁለት ደመወዝ አልከፍልም» ነው የሚለው። ምን ልበለው?

ጦሳ፦ መጀመሪያ ልክ ነው በለው። ከዚያ ሒሳቡን አብራችሁ ሥሩ። ብቻህን 10 ሰዓት የሚፈጅብህን ሥራ ከጓደኛህ ጋር በ6 ሰዓት ጨረሳችሁት እንበል። ሰዓት ስታዩ 4 ሰዓት አትርፋችኋል። ደመወዙ ግን የ12 ሰዓት ነው። አለቃህ የሚያየው ይህችን 2 ሰዓት ነው፣ አይፈረድበትም። አሁን ሌላውን ደምሩ። ብቻህን የሠራኸውን ሌላ ሰው መገምገም አለበት፤ 1 ሰዓት በል፣ 11 ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ባግ ይመጣል። ያን ባግ ለማግኘት 3 ሰዓት ከፈጀ 14 ደረስክ። ባግ ካልመጣ ደግሞ አለቃህ አሸነፈ። ለዚህ ነው በኋላ የመጣ ባግ ሳይቆጠር ክርክሩ የማያልቀው። ለሁለት ወር በደብተር ጻፉ፦ ሥራው ምን ነበር፣ ስንት ሰው-ሰዓት ወጣበት፣ በኋላ ስንት ሰዓት ለጥገና ሄደ። የራሳችሁ ደብተር ከዩታም ከኖርዌይም ይበልጥበታል።

ሰኞ ገበያ፦ የትኛው አፕ ነው የሚሻለው?

ጦሳ፦ ቪኤስ ኮድ (ኮድ መጻፊያው) የምትጠቀሙ ላይቭ ሼር፣ እሱ ላይ የሚጨመር ማጋሪያ ነው። ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) የምትወዱ ቲመክስ። አለቀ።

አራዳ፦ ቲመክስ ዛሬም ሰው ይጠቀመዋል እንዴ? ሙዚየም ይግባ እንጂ።

ገራዶ፦ አንተ ልጅ ተው። ሴርቨር ላይ ገብተህ የሠራህ አትመስልም። ላይቭ ሼር የእኔን ላፕቶፕ ፋን እንደ ወፍጮ ነው የሚያስጮኸው።

አራዳ፦ ላፕቶፕህን ቀይራ! ቪም የሚባለው የተርሚናል መጻፊያ ውስጥ ገብቶ መውጫው የጠፋበት ሰው ስንት ነው?

ገራዶ፦ መውጫው የጠፋው ለማያነብ ነው።

ሐይቅ ዳር፦ ሁለታችሁም ቀላሉን መጻፊያ ናኖን ተጠቀሙና ገላግሉን።

ጦሳ፦ በቃ በቃ። ይህ ክርክር እኔ ከመወለዴ በፊት ተጀምሯል፣ ዛሬ ማታም አያልቅም። ልዩነቱን ብቻ ልንገራችሁ። ላይቭ ሼር ላይ እያንዳንዱ የራሱ ጠቋሚ አለው። አንዱ ላይኛው ፋይል ላይ ሲጽፍ ሌላው ታች ማንበብ ይችላል። ሳንታ ክሩዝ የነበረው ብራያን ሃንክስ ገና ድሮ፣ በ2005 አካባቢ፣ ለርቀት ጥንዶች ሁለተኛ ጠቋሚ ያለው መሣሪያ ሠርቶ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ጎን ለጎን ስትቀመጡ «ይኼን እየው» ብላችሁ በጣት ታሳያላችሁ። ከርቀት ጣት የለም። ተራ ስክሪን ሼር ላይ ግማሽ ሰዓት «ከላይ ሦስተኛው መስመር፣ አይ አይደለም፣ ከሱ በታች» እየተባባላችሁ ነው የሚያልፈው። ቲመክስ ሁለታችሁንም አንድ ሰሌዳ ላይ ያስቀምጣል፣ ጠቋሚውም አንድ ነው። ያን ካወቃችሁ የፈለጋችሁትን ያዙ። ፓስወርድ ያለበትን ፋይል ዝጉ። ላይቭ ሼር ላይ የምታጋሩት የከፈታችሁትን ፋይል ብቻ አይደለም፣ ሙሉ ፎልደሩን ነው።

ቧንቧ ውሃ፦ ጋሼ፣ እኛ ሰፈር መብራት ሲሄድ ራውተሩ አብሮ ይሞታል። መሀል ላይ ስንቋረጥ ሁሉ ነገር ይበላሻል። ለእኛ አገር ይህ ነገር ይሆናል ወይ ብዬ ተስፋ ልቆርጥ ነው።

ጦሳ፦ አብሽር፣ ይሆናል። ይህን ጥያቄ ነበር የምጠብቀው።

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከምስል ነው። ካሜራ ይከፍታል፣ ስክሪን ያጋራል፣ ከዚያ ኔትወርክ አልቻለም ይላል። ገልብጡት፣ ከድምፅ ጀምሩ። ጥንድን ጥንድ የሚያደርገው ወሬው ነው። ሒሳቡን እዩት። ስክሪን ሼር በሴኮንድ 1 ሜጋቢት ቢበላ በሰዓት 450 ሜጋባይት ነው። ኦፐስ በሚባለው ኮዴክ (ድምፅ ማመቂያ) የሚሄድ ድምፅ ግን በሴኮንድ 24 ኪሎቢት ይበቃዋል፤ በሰዓት 11 ሜጋባይት ገደማ። ሌላ ሌላውን ጨምሮ እጥፍ ቢሆን እንኳ ለዳታ ጥቅላችሁ ምንም አይደለም። ኮዱ ራሱ ደግሞ ጽሑፍ ነው። ላይቭ ሼርም ቲመክስም የሚልኩት ፊደል እንጂ የስክሪን ምስል አይደለም። ስለዚህ ካሜራ ዝጉ፣ ስክሪን ሼር ተዉ፣ ድምፅና ጽሑፍ ብቻ ይዛችሁ ግቡ። ጥሩ ኢርፎን ግዙ። ድምፅ ሲቆራረጥ ሰው ዝም ማለት ይጀምራል። ዝም ከተባለ አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ቴሌግራም ያያል።

ስለ መቋረጡ። ቲመክስን በራሳችሁ ላፕቶፕ ላይ ሳይሆን ርካሽ ሴርቨር (ሌላ ቦታ ያለ የኪራይ ኮምፒዩተር) ላይ ክፈቱት። መብራት ጠፋ? ሴሽኑ (የከፈታችሁት ሥራ) እዚያው ሴርቨሩ ላይ ተከፍቶ ይቆያል። ስትመለሱ ያቋረጣችሁበት ፊደል ላይ ታገኙታላችሁ። ጓደኛችሁም እስከዚያ ይቀጥላል። ወደ ሴርቨር ለመግባት በተለመደው በኤስኤስኤች ፈንታ ሞሽ ከተጠቀማችሁ ከራውተር ወደ ስልክ ሆትስፖት ስትዞሩ እንኳ አይቋረጥም። የምትጽፉትንም መልሱ ከሴርቨር እስኪመጣ ሳይጠብቅ ወዲያው ያሳያችኋል፣ ላጉ (መዘግየቱ) አይሰማችሁም። ለሴርቨሩ መግቢያ ለየሰዉ የየራሱን ቁልፍ ስጡ። አንድ ፓስወርድ ለሁለት ሰው በቴሌግራም አትላኩ። ነገርኳችሁ።

ኔትወርኩ ጭራሽ ካልተቻለ ፒንግ ፖንግ ተጫወቱ። አንዱ የሚወድቅ ቴስት (ኮዱን የሚፈትሽ ኮድ) ይጽፍና ፑሽ ያደርጋል፣ ማለትም ወደ ጋራ ማከማቻው ይልካል። ሌላው ቴስቱን የሚያሳልፍ ኮድ ይጽፋል፣ ከዚያ የራሱን የሚወድቅ ቴስት ጨምሮ ይመልሳል። በመሀል ስልክ ተደዋወሉ፣ ተራ ስልክ።

በርበሬ ወንዝ፦ ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን? ከኮምቦልቻ ደሴ እኮ 25 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ሚኒባስ ተሳፍራችሁ ቁጭ ብላችሁ አትሠሩም?

ሆጤ፦ ልክ! ደሴ ይምጡ፣ አየሩም ለጭንቅላት ጥሩ ነው።

ቦርከና፦ ለጭንቅላት? ጣት ደርቆ ኪቦርድ የሚነካ ሰው እዚያ አለ እንዴ? እናንተ ናችሁ መውረድ ያለባችሁ። እዚህ ጃኬት አያስፈልግም።

ሆጤ፦ ኮምቦልቻ ከሰዓት በኋላ ከሙቀቱ የተነሳ ላፕቶፑ ራሱ ያንቀላፋል።

በርበሬ ወንዝ፦ ሐረጎ ዳገቱ ላይ ጉም ሲወርድ ያየ ሰው ግን ማታ ለኮድ ብሎ አይመላለስም፣ እሱን አምናለሁ። ታሪፉም እንደ ድሮ አይደለም።

ሐይቅ ዳር፦ እኛስ? ሁሌ ደሴና ኮምቦልቻ ብቻ። ሐይቅ ሰው የለም?

ቦርከና፦ እናንተ ዓሣ ይዛችሁ ኑ።

ጦሳ፦ ዓሣውን ለእኔ አስቀሩልኝና ወደ ጉዳያችን እንመለስ። በርበሬ ወንዝ ያነሳው ቁም ነገር ነው። በአካል መገናኘት ከርቀቱ ይበልጣል ወይ? በ2002 ኖርዝ ካሮላይና ውስጥ ባሄቲ፣ ጌሪንገርና ስቶትስ ይህን ነው የጠየቁት። አብረው የተቀመጡ ጥንዶችንና ከርቀት የሠሩ ጥንዶችን በአንድ የድኅረ ምረቃ ኮርስ አወዳደሩ። በጥራትም በምርትም ይህ ነው የሚባል ልዩነት አላገኙም። ያውም በዚያ ዘመን ኔትሚቲንግ በሚባል ፕሮግራም ነበር። ግን ተማሪዎች ናቸው፣ ሥራውም የክፍል ሥራ ነው። ከዚህ ተነስታችሁ «ከርቀትም ያው ነው» ብላችሁ አትማሉ። የእኔ ምክር ይኼ ነው፦ መጀመሪያ ቀን ተገናኙ። አንድ ላይ ብሉ፣ ተዋወቁ፣ አንድ ቀላል ሥራ ጨርሱ። ከዚያ በየቤታችሁ።

ፒያሳ፦ ሪሞት ሥራ በዶላር ስንት ይከፈላል? አንተ ስንት ታገኛለህ?

ጦሳ፦ ቀጣይ።

ፒያሳ፦ ቢያንስ የት እንደሚገኝ ንገረና።

ጦሳ፦ ዛሬ የሥራ ቅጥር ማታ አይደለም ወንድሜ።

ሹራብ ለባሿ፦ ሰላም ጋሽ ጦሳ። ሁለተኛ ዓመት ነኝ። ከእኔ በጣም ከሚበልጥ ልጅ ጋር ነው የምሠራው። ሹፌሩ፣ ኪቦርዱን የሚይዘው ማለቴ ነው፣ ሁልጊዜ እሱ ነው። እኔ «እሺ፣ እሺ» እያልኩ እሰማለሁ። ናቪጌተር (መንገድ መሪ) ነሽ ይለኛል ግን ምንም እየመራሁ አይደለም። በዚህ ከቀጠልኩ የምማር አይመስለኝም።

ጦሳ፦ ልክ ነሽ፣ በዚህ ከቀጠልሽ አትማሪም።

መጽሐፉ ሹፌሩ ይጽፋል፣ ናቪጌተሩ ከላይ ሆኖ ስለ ትልቁ ዕቅድ ያስባል ይላል። ሳሊያን ብራያንትና ባልደረቦቿ የእውነተኛ ባለሙያዎችን ንግግር ቀድተው ሲመረምሩ ግን ይህን አላገኙትም። ሁለቱም በአንድ ከፍታ ላይ ሆነው ነው የሚያወሩት። ጃን ቾንግና ቶም ኸርልበት ደግሞ በ2007 ሁለት የሥራ ቡድኖችን ሲከታተሉ ሌላ ነገር አዩ። ኪቦርዱን የያዘው ሰው ውሳኔውንም ይይዛል። እውቀታቸው የሚራራቅ ሲሆን ደግሞ የሚያውቀው ይጋልባል፣ ሌላው ይቀራል። የአንቺ ችግር የጸባይ አይደለም ማለት ነው። ኪቦርዱ ያለው እሱ ጋ ስለሆነ ነው።

መድኃኒቱ ኪቦርዱን መውሰድ ነው። በአንድ ሕግ ሥሩ፦ ሐሳቡ የእሱ ከሆነ እጁ የአንቺ ይሁን። እሱ ይናገራል፣ አንቺ ትጽፊያለሽ። ያልገባሽን አትጽፊም፣ «ለምን?» ትያለሽ። በየ15 ደቂቃው በስልክ ሰዓት ሙሉ። ሲደወል ትለዋወጣላችሁ፣ ምንም ይሁን ምን። አንድ ሳምንት ሞክሪውና እምቢ ካለ በደረጃሽ ያለች ሌላ ልጅ ፈልጊ። ሉይና ቻን በ2006 ያወጡት ጥናት ጀማሪ ከጀማሪ ጋር ሲጣመር ብቻውን ከሚሠራ ጀማሪ ጋር ሲወዳደር የሚያገኘው ጥቅም፣ አዋቂ ከአዋቂ ጋር ሲጣመር ከሚያገኘው እንደሚበልጥ አሳይቷል። ካሊፎርኒያ ሳንታ ክሩዝ ላይ ማክዶዌል፣ ወርነርና ሌሎቹ ያጠኑት ደግሞ የመጀመሪያ ኮርስ ተማሪዎችን ነው። በጥንድ የሠሩት ኮርሱን ሳያቋርጡ የመጨረስ ዕድላቸው በለጠ። በራስ መተማመናቸውም ጨመረ። ይህን ለልጁ ላኪለት።

ሹራብ ለባሿ፦ አላህ ይስጥልኝ ጋሼ። ነገ እነግረዋለሁ።

አራዳ፦ እኔ ግን አንድ ነገር አልገባኝም። ሰው ለምን አስፈለገ? ኤአይ አለ። አይደክም፣ አይኮራ፣ ደመወዝ አይጠይቅ። እሱን ናቪጌተር አድርጎ መሥራት አይቻልም?

ገራዶ፦ አንተ መቼም ሰው አትወድም።

አራዳ፦ ሰው እወዳለሁ፣ ሰው ነው የማይወደኝ።

ጦሳ፦ ተጠቀሙበት፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ከላይ የጠቀስኳቸው ጥናቶች ሁሉ ስለ ሁለት ሰው ናቸው። ቁጥራቸውን ወስዳችሁ ለኤአይ አትለጥፉ። ደግሞ ሰው «ይህ ሥራ ጭራሽ አያስፈልግም» ሊልህ ይችላል። ኤአዩ ያዘዝከውን ይሠራልሃል። ከዚህ በላይ ዛሬ አልገባበትም። ፓስወርድ ግን ለኤአይም አይለጠፍም።

መምህር፦ ጤና ይስጥልኝ። አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎቼን በጥንድ ማሠራት እፈልጋለሁ። ውጤት መስጠቱ ላይ ግን እቸገራለሁ። አንዱ ሠርቶ ሌላው ተኝቶ እኩል ሲወስዱ ግፍ ነው።

ጦሳ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። እርስዎ ያነሱት የሁሉም ኮርስ ራስ ምታት ነው። እኔ ሲሠራ ያየሁትን ልንገርዎ። ጥንድ ሥራውን ለመማሪያ፣ የግል ፈተናውን ለውጤት ያድርጉት። የጥንድ ሥራው ጥቂት ነጥብ ይያዝ። ከዚያ ፈተናው ላይ ከዚሁ ኮድ አንድ ክፍል ያውጡና «ይህ መስመር ቢነሳ ምን ይሆናል?» ብለው እያንዳንዱን ብቻውን ይጠይቁት። የተኛው እዚያ ላይ ይታወቃል። ኮሚቶቹ (እየተመዘገቡ የሚሄዱት የኮድ ለውጦች) ላይ የሁለቱም ስም እንዲገባ ያድርጉ፣ ለውጦቹን በሚመዘግበው ጂት ላይ አብሮ ጸሐፊ የሚመዘገብበት መንገድ አለ። ግን በኮሚት ብዛት ነጥብ እንዳይሰጡ አደራ። ብዛት ነጥብ ካገኘ ልጆቹ አንድ ነጠላ ሰረዝ እየጨመሩ ኮሚት ያደርጉልዎታል። ጥንዶቹንም በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ይቀያይሯቸው።

መምህር፦ እግዜር ይስጥልኝ። የቃሉን ጥያቄ እኔም አስቤው ነበር፣ 60 ተማሪ መሆኑ ነው እንጂ።

ጦሳ፦ በጽሑፍ ያድርጉት፣ 10 ደቂቃ ይበቃል።

ገብርኤል ሰፈር፦ ሰላም፣ አሁን ገባሁ። የትኛው አፕ ይሻላል?

ጦሳ፦ ወደ ላይ።

ገብርኤል ሰፈር፦ ብዙ ነው እኮ፣ ባጭሩ ብትነግረኝ?

ጦሳ፦ ባጭሩ ነው የጻፍኩት። አንድ መስመር ተኩል ነው። ሰኞ ገበያ ጠይቆ፣ አራዳና ገራዶ ተጣልተውበት፣ ሐይቅ ዳር አስታርቆበት አልፏል። ውጣና አንብብ።

ሐይቅ ዳር፦ ናኖ ነው ያሸነፈው።

ገራዶ፦ አላሸነፈም!

የኮምቦልቻ ተመራቂ፦ ጋሽ ጦሳ፣ እኔ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነኝ። የመመረቂያ ጥናቴን በዚሁ ላይ ማድረግ ፈልጌያለሁ። ያሰብኩት ተማሪዎችን ከርቀት በጥንድ አሠርቼ መጨረሻ ላይ «ወደዳችሁት ወይ?» የሚል መጠይቅ መበተን ነው። በቂ ይመስልዎታል?

ጦሳ፦ አይበቃም። ብዙ ሰው ከጓደኛው ጋር መሥራት ይወዳል። መውደዱ ሥራው መሻሉን አያሳይህም። መጠይቁን አትተው፣ መጨረሻ ላይ አድርገው እንጂ ዋናው መለኪያህ አይሁን።

መጀመሪያ ምን ከምን ጋር እንደምታወዳድር ወስን። የርቀት ጥንድን ብቻውን ከሚሠራ ሰው ጋር? ወይስ አብሮ ከተቀመጠ ጥንድ ጋር? ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። አንዱን ያዝ። ሁለቱንም ካልክ በአንድ ሴሚስተር አይወጣህም።

ብቻውን ከሚሠራ ጋር ካልክ እንዲህ አድርግ። ክብደታቸው ተቀራራቢ የሆነ ሁለት ሥራ አዘጋጅ፣ ሀ እና ለ። እያንዳንዱ ተማሪ አንዱን ብቻውን፣ ሌላውን በጥንድ ይሥራ። ግማሾቹ መጀመሪያ በጥንድ፣ ግማሾቹ መጀመሪያ ብቻቸውን ይጀምሩ። ሀ እና ለንም አቀያይር፤ በጥንድ ሀን የሠራ አለ፣ ለን የሠራ አለ። ይህን ካላደረግህ ሁለተኛው ሥራ የተሻለው በጥንዱ ይሁን በልምዱ አታውቅም። ማን ከማን እንደሚጣመር በዕጣ ይሁን። ራሳቸው ይምረጡ ካልክ ጎበዝ ጎበዝን ይመርጣል፣ ውጤትህም ያኔ አለቀለት።

ቴስቶቹን አስቀድመህ ጻፍና ደብቃቸው። ስንቱን አለፈ የሚለው የጥራት መለኪያህ ነው። ጊዜውን ስትጽፍ ደቂቃ ብቻ አይደለም፣ ሰው-ሰዓት። ስንት ጊዜ ልበለው! ጥንድ 50 ደቂቃ ከሠራ 100 ደቂቃ ነው የምትጽፈው። ሁለቱንም ዓምድ አድርግ፣ አንባቢው የፈለገውን ይይ።

ሌላ ደግሞ እዚህ አገር ብቻ የሚመጣብህ ነገር አለ። በመሀል መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቋረጣል። ያ ጥንድ ይሰረዝ ወይስ ይቆጠር? ሙከራውን ሳትጀምር ወስነህ ጻፈው። ውጤቱን ካየህ በኋላ ከወሰንክ ሳይታወቅህ ወደምትፈልገው ታዘነብላለህ። እኔ ብሆን አልሰርዝም። መቋረጡን ራሱ እመዘግባለሁ፦ መቼ፣ ስንት ደቂቃ፣ ምን አደረጉ። መቋረጥ በበዛበት አገር ጥንዶች ምን ያደርጋሉ የሚለውን ያጠኑት በጣም ጥቂት ናቸው። የአንተ ጥናት አዲስ ነገር ካለው እዚያ ጋ ነው ያለው።

ድምፃቸውን የምትቀዳ ከሆነ በጽሑፍ ፈቃድ አስፈርም። ማን ይሰማዋል፣ መቼ ይጠፋል የሚለውም ወረቀቱ ላይ ይኑር። ሲቀዱ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ፓስወርድ እንዳይኖር…

አራዳ፦ እናውቃለን ጋሼ!

ጦሳ፦ ደግ። ማወቃችሁ ጥሩ ነው።

የኮምቦልቻ ተመራቂ፦ 30 ተማሪ አግኝቻለሁ። ይበቃል?

ጦሳ፦ ጥንድ ስታጠና ቁጥሩ የጥንዱ ነው። 30 ተማሪ 15 ጥንድ ነው፤ 30 ብለህ ብታሰላ መርማሪህ በመጀመሪያው ገጽ ይይዝሃል። በ15 ጥንድ ትልቅ ልዩነት ካለ ልታይ ትችላለህ፣ ትንሹን ግን አታየውም። «ልዩነት የለም» ብለህ እንዳትደመድም፤ ላለማየትህ ቁጥሩ ማነሱም ምክንያት ሊሆን ይችላል። ከ15ቱ ጥቂቶቹን መርጠህ ንግግራቸውን መስመር በመስመር ብታነብ ከአማካዩ የበለጠ ትማራለህ። በርሊን ያሉት እነ ሉትዝ ፕሬኸልት ዓመታት የሠሩት እንደዚያ ነው፤ ሳሮስ የሚባለው የርቀት መሣሪያም ከነሱ ዩኒቨርሲቲ ነው የወጣው። መጀመሪያ ግን ሁለት ጓደኞችህን ይዘህ ሙሉውን ሙከራ አንድ ጊዜ ሂድበት። ሥራው በጣም ቀላል ወይ በጣም ከባድ መሆኑን ያን ቀን ታውቃለህ።

የኮምቦልቻ ተመራቂ፦ ፕሮፖዛሉን ብልክልዎ ያዩልኛል?

ጦሳ፦ ላከው። በወርድ ይሁን፣ ፒዲኤፍ አይደለም፤ ላርመው ነው።